ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ ነፍጥና የባሶ ገበያ

ለምሥረታ በዓል በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ መጋዘን መጻፍ የተለመደ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛ እንደመሆኔ ከእኔም የሚጠበቀው ስለ በቆሎ ወይም ስለ በርበሬ ጽፌ መስጠት ነበር። ይሁን እንጂ የዩኒየን ሥራ ዞሮ ዞሮ የገበያ ሥራ በመሆኑ፣ ገበያን ከእኛ በፊት በሌላ መንገድ ለመያዝ የሞከሩ የአንድ የአገራችንን ሰው ሕይወት ለአባላትና ለአመራሮች ባቀርብ የተሻለ መስሎ ታየኝ። እኚህ ሰው ጎጃምን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የገዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ስለ ንጉሡ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሞንቆረርን ደብረ ማርቆስ ማሰኘታቸውን፣ እምባቦ ላይ መማረካቸውንና ዐድዋ መዝመታቸውን ነው። ሽማግሌዎችም ሲያወሩ ጦርነቱን እንጂ ከጦርነቱ በስተጀርባ የነበረውን ንግድ ብዙም አያነሡም። እኔ እንደተረዳሁት ግን የንጉሡ ዕድሜ ሙሉ ትግል በሁለት ነገሮች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። አንደኛው ነፍጥ ሲሆን ሁለተኛው ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ ነው። ለሁለቱም ሲከፍል የኖረው ደግሞ ገበሬው ነው።

ልጅነትና ሽፍትነት

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በ1839 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው አዳል ነበር። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደግሞ በዘመነ መሳፍንት ዳሞትንና ጎጃምን የገዙት ዝነኛው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። የተወለዱበት ቤት የገዥ ቤት ይሁን እንጂ ያደጉት በድሎት አልነበረም። አዳል ገና ሕፃን ሳሉ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ደምቢያ ውስጥ ጉር አምባ ላይ ከቋራው ካሣ ጋር ተዋግተው ወደቁ። የገደላቸውም ጥይት እንደሆነ ይነገራል። ካሣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የአዳል አጎት ደጃዝማች ብሩ ጎሹም በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ለብዙ ዓመታት በእግር ብረት ማቀቁ።

በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ለዐፄ ቴዎድሮስ አልገብርም ያሉት ተድላ ጓሉ ነበሩ። ተድላ ጓሉ ጅበላ አምባ ላይ መሽገው ንጉሠ ነገሥቱን ለዓመታት አስቸገሩ። አምባ ያለው ሰው እህልና ውኃ እስካገኘ ድረስ በጥቂት ነፍጥ ብዙ ሠራዊት ማስቆም ይችል ነበር። አዳልም ይህንን እያዩ አደጉ፤ ለአቅመ አዳም ሲደርሱም በቆላው ሸፍተው ተከታይ መሰብሰብ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ሽፍታ የሚያሰባስበው ሰው ሁለት ነገር ያያል፤ የዘር ሐረግና ነፍጥ። የዘር ሐረጉ ነበራቸው። ነፍጡ ግን አንድ በአንድ የሚገኝ ነበር፤ ወይ በገንዘብ፣ ወይ በዝርፊያ፣ ወይ በጋብቻ ከሚገኝ ወዳጅ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አዳል የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን እህት ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን አገቡ። ይሁን እንጂ በጎጃም የበላይነቱ የተሰጠው ለእሳቸው ሳይሆን ለተድላ ጓሉ ልጅ ለራስ ደስታ ነበር። አዳል ይህንን ዝም ብለው አልተቀበሉም፤ ከራስ ደስታ ጋር ተዋግተው በማሸነፍ ጎጃምን ያዙ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በትግራዩ ካሣ ተሸንፈው ካሣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ሲነግሡ፣ አዳል ነገሩን አመዛዝነው ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገቡ። የራስነት ማዕረግም ጸናላቸው። መቀመጫቸውን ሞንቆረር አደረጉ፤ በዚያም የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩና ከተማው ደብረ ማርቆስ ተባለ።

የባሶ ገበያ

ራስ አዳል የያዙት አገር ጤፍ፣ ማርና ቅቤ የሚታፈስበት፣ በበቅሎውም የታወቀ ነው። ዳሞት፣ አቸፈር፣ ሜጫ፣ ቡሬ፣ ደምበጫ ሁሉ የጥጋብ አገር ነበር። ነገር ግን ጤፍ ጠመንጃ አይገዛም። በመጫኛ እንስሳ ተጭኖ እስከ ባሕር ወደብ ቢሄድ ዋጋው መንገድ ላይ ያልቃል። ጠመንጃ የሚገዛው ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ የሆነ ሸቀጥ ነው፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና። ይህ ደግሞ የሚመጣው ከዓባይ ማዶ ነበር።

ከከፋ፣ ከጅማና ከሊሙ እናርያ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ጉዱሩ ላይ አሰንዳቦ የሚባል ትልቅ ገበያ ያርፋል። ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ ባሶ ነው። ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወይ ወደ መተማና ሱዳን፣ ወይ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። የባሶ ገበያ የነበረበት አገር ዛሬ ባሶ ሊበን ወረዳ ሲሆን ከተማው የጁቤ ነው። (ሊበን የሚለው ስም በጎጃም ከአንድ ቦታ በላይ ስለሚገኝ አንባቢ ከሰሜን አቸፈሩ ሊበን ጋር እንዳያምታታው አሳስባለሁ። እኔ የሰሜን አቸፈሩ ሊበን ልጅ ነኝ።) እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በ1834 ዓ.ም. ገደማ በዚያው አካባቢ ተቀምጦ የባሶን ገበያ በዝርዝር መዝግቧል። ስለዚህ ገበያው ከራስ አዳል መወለድ በፊትም የደራ እንደነበር እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

ዓባይ በክረምት አይሻገሩትም። ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል ጠብቆ በበጋ ይንቀሳቀሳል፤ ከክረምት በፊት ያልተሻገረ ማዶ ይከርማል። ከሰሜን የሚመጣው ዋናው ሸቀጥ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በትግራይና በጎንደር አድርጎ ጎጃም ሲደርስ ዋጋው ይጨምራል፤ ዓባይን ሲሻገር ደግሞ የበለጠ ይጨምራል። እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ያገለግል ስለነበር በአንድ ጠገራ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ብዛት ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር ያንሳል። ከአሞሌ ሌላ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በልዋጩ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። አብዛኞቹ ሲራራ ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ የመንገዱን ቋንቋ፣ የኬላውን ሹምና የዱቤውን ደንብ አሳምረው ያውቁ ነበር።

አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ከሸቀጡ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዓባይ ማዶ በጦርነትና በወረራ የተያዙ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ በዚህ መንገድ ተነድተው አልፈዋል። የጎጃምን ታሪክ የጻፉልን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም በልጅነታቸው ከማዶ በዘመቻ ተይዘው መጥተው ጎጃም ውስጥ ያደጉ ናቸው። እሳቸው ተምረው ለታሪክ ጸሐፊነትና ለሠዓሊነት በቁ፤ ስማቸው ሳይጻፍ የቀረው ግን ብዙ ነው። ስለ ባሶ ገበያ ድምቀት ስናወራ ይህንን ብንረሳ ግማሹን ብቻ እንዳወራን ይቆጠራል።

ገዥው ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ቀረጥ ነበር። በየመሻገሪያውና በየገበያው ኬላ አለ፤ በኬላው ላይ የነጋድራሱ ሰው ይቀመጣል። ነጋዴው በአንዱ ከፍሎ ሲያልፍ በሌላው ደግሞ ይከፍላል። ቀረጡ ከበዛ ነጋዴው መንገድ ይቀይራል፤ ካነሰ ደግሞ የገዥው ግምጃ ቤት ባዶ ይሆናል። ሚዛኑን መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። ከዚህ የበለጠ ከባድ የሆነው ግን መንገዱን ሌላ ገዥ እንዳይቆርጠው ማድረግ ነበር። ለዚህ ነፍጥ ያስፈልጋል፤ ነፍጥ ለመግዛት ደግሞ መንገዱ ያስፈልጋል። ራስ አዳል ዕድሜያቸውን በሙሉ የታገሉት ከዚህ አዙሪት ጋር ነው ማለት ይቻላል።

ነፍጥ ከየት ይመጣል?

በዚያ ዘመን የነበረውን የጠመንጃ ዓይነት የዛሬ ሽማግሌዎች እንኳ በስም ይጠሩታል፤ ሰናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራ። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ግብጾችን ጉንደትና ጉራዕ ላይ ሁለት ጊዜ ድል ሲያደርጉ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን በእጃቸው ገባ። ከዚያ ወዲያ የጠመንጃ ሚዛን ወደ ትግራይ አዘነበለ። ሸዋ ደግሞ በኩሉ በአፋር በረሃ በኩል እስከ ባሕረ ሰላጤው የሚደርስ የራሱ መውጫ ነበረው፤ ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ጋር በቀጥታ እየተዋዋሉ ያስመጡ ነበር። ጎጃም ግን ከሁለቱም የለም። ወደ ምጽዋ ለመውረድ በዐፄ ዮሐንስ አገር ማለፍ ግድ ነው፤ ወደ መተማ ለመውጣት የግብጽና በኋላም የድርቡሽ ጦር አለ። ጎጃም ሸቀጡ እያለው በር አልነበረውም። ይህ የዳር አገር ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው፤ ምርቱ እያለ መንገዱ የሌላ ሰው ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጠው መንገደኛው ነው።

ስለ ነፍጥ ፍቅር ለመናገር ንጉሥ መሆን አያስፈልግም። አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና የሊበን ትንሽ ነጋዴ ነበሩ። ከዳንግላ ገበያ ጨው፣ ቡናና አቡጀዲ በአህያ እያመጡ በሊበን ገበያ በስኒና በክንድ እየለኩ ይቸረችሩ ነበር። ገበያ ላይ ሲቀመጡ ምንሽራቸው ከጉልበታቸው ላይ አይለይም። ምሽት ሲሆን በቅቤ የራሰ ጨርቅ ይዘው ይወለውሉታል፤ ልጅ እንዲነካው አይፈቅዱም፤ ስለ ዋጋው ሲጠየቁ ግን ደስ ይላቸዋል። ያንን ምንሽር የገዙት ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያረሱት በመቀናጆ ነበር፤ ማለትም አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር አንድ አንድ በሬ አዋጥተው ተራ እየገቡ። ሴት አያቴ ያንን ዘመን የጠመንጃው ዓመት ብለው ይጠሩት ነበር፤ ሲጠሩትም ፊታቸው አይፈታም። አያቴ በበኩላቸው ነፍጥ የሌለው ነጋዴ ከዳንግላ ሊበን ሳይደርስ ባዶውን ይቀራል ባይ ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ ሳነብ በትልቁ የማየው ይህንኑ የአንድ በሬ ሒሳብ ነው።

ዘውዱና እምባቦ

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ብለው አነገሡ፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። በማዕረጉ ውስጥ ከፋ የሚለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከፋ ያኔ የራሱ ንጉሥ ያለው ነፃ አገር ነበር፤ ከጎጃምም በብዙ ቀን መንገድ ይርቃል። ስለዚህ ዘውዱ የተሰጠው ለያዙት መሬት ብቻ ሳይሆን ገና ላልያዙት የንግድ መንገድ ጭምር ነው ማለት ነው። የሸዋው ምኒልክም ዓይናቸው በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱን ንጉሦች እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረጋቸው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

የማይቀረው ነገር ብዙ አልቆየም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጦር አለቃ ራስ ደረሶ ዓባይን ተሻግረው ከደቡቡ አገር ግብር ይሰበስቡ ነበር። የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ጎበና ዳጬም በዚያው በኩል መጡ፤ ራስ ደረሶንም የሰበሰቡትን ግብር ትተው እንዲመለሱ አስገደዷቸው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ንጉሦች ራሳቸው ተንቀሳቀሱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊታቸውን ይዘው ዓባይን ተሻገሩ።

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ ምድር እምባቦ ላይ ተገናኙ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ሰኔ ሊገባ አንድ ቀን ነው የቀረው። የጎጃም ገበሬ ያን ጊዜ ማረስ እንጂ መዝመት የለበትም፤ ዝናቡ ከጣለም ዓባይ ከኋላ ይዘጋል። ውጊያው ብርቱ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ነፍጥ የያዘ ሰው ነበረ። ነገር ግን ውጊያውን የወሰነው የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ሆነ። የጎጃም ሠራዊት ተፈታ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ነፍጣቸው ሁሉ በሸዋ እጅ ገባ። ንጉሥ ምኒልክ ምርኮኛውን ንጉሥ በክብር ያዟቸው፤ ቁስላቸውንም አስታመሟቸው።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ሁለቱ ንጉሦች ያለ እሳቸው ፈቃድ ተዋግተዋልና። ምኒልክ ምርኮኛውን እንዲለቁ፣ ከእምባቦ የማረኩትንም ነፍጥ እንዲያስረክቡ አዘዙ። ከምኒልክ ላይ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት ላይ ደግሞ አገው ምድርን ወሰዱ። ልብ ብሎ ላየው በዚህ ፍርድ ውስጥ የጎጃም ነፍጥ ወደ ጎጃም አልተመለሰም። በጎጃም ቀረጥና በጎጃም ገበሬ ድርሻ የተሰበሰበው ጠመንጃ ከእምባቦ ወደ ሸዋ፣ ከሸዋ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሄደ። የከፋ መንገድ ደግሞ ሸዋ ዘንድ ቀረ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘውዳቸውን ይዘው ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ በማዕረጋቸው ላይ ከፋ የሚለው ቃል ነበረ፤ ከዓባይ ማዶ ግን ምንም አልነበራቸውም።

የተምጫ ድልድይ

ከዚህ በኋላ ንጉሡ የሠሩት አንድ ሥራ በታሪክ መጻሕፍት ብዙም አይወሳም፤ እኔ ግን ከጦርነታቸው ሁሉ በላይ እሱን እወድላቸዋለሁ። ጣሊያኖች ያን ጊዜ ከአሰብ እስከ ጎጃም የሚደርስ የንግድ መንገድ ለመክፈት ያስቡ ነበር። ከመጡት ጣሊያኖች መካከል አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የሚባል መሐንዲስ በንጉሡ ፈቃድ በ1877 ዓ.ም. ገደማ በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ተምጫን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ከብትና ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው። አህያ የጫነ ነጋዴ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ያድር ነበር፤ ለዚያ ሰው አንድ ድልድይ ከብዙ ጠመንጃ ይበልጥበታል።

ንጉሡ ለምን ድልድይ እንደፈለጉ ከሁኔታው መገመት ይቻላል። የማዶው መንገድ ከእጃቸው ወጥቷል፤ የቀራቸው የውስጡ መንገድ ነው። የውስጡ ንግድ ደግሞ የገበሬው ንግድ ነው፤ ቅቤው፣ ማሩ፣ በቅሎው፣ ጥጡ። እንዲህ ያለው ሥራ አሥር ዓመት ቢቀጥል ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ያጓጓል። ግን አልቀጠለም።

ሳር ውኃ

ከሱዳን የተነሣው የማህዲ ሠራዊት፣ ሕዝቡ ድርቡሽ የሚለው፣ ወደ ድንበሩ ተጠጋ። ዐፄ ዮሐንስ ምዕራቡን በር እንዲጠብቁ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አዘዙ። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ወርደው የድርቡሽን ጦር አሸነፉ፤ አዛዡ ወድ አርባብም ተገደለ። በዓመቱ ግን በቀል መጣ። ሀምዳን አቡ አንጃ እጅግ ብዙ ሠራዊት ይዞ ደምቢያ ገባ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ሳር ውኃ ላይ የጎጃም ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡ አመለጡ፤ ከልጆቻቸው መካከል ግን የተማረኩ ነበሩ። ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ገደሉ፤ ብዙውን ማርከው ወሰዱ።

ጎንደር ስትቃጠል የባሶ መንገድ ሌላው ጫፍ ተቃጠለ ማለት ነው። ደቡቡ በሸዋ ተቆርጦ ነበር፤ አሁን ሰሜኑም ተቆረጠ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጆቻቸው ተማርከው፣ ሠራዊታቸው አልቆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አልደረሱልኝም ብለው ሳያዝኑ አልቀሩም። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተላልከው በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተባበሩ። የትናንቱ ማራኪና ምርኮኛ ወዳጅ ሆኑ። ዐፄ ዮሐንስም ጣሊያንን ትተው፣ ድርቡሽን ትተው፣ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጎጃም ገቡ።

ጎጃም የጠፋበት ዓመት

ይህ ለመጻፍ የሚከብድ ክፍል ነው። ንጉሡ አምባ ላይ ተከለሉ፤ አምባ የሌለው ገበሬ ግን ሜዳው ላይ ቀረ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው ከገበሬው ጎተራ ነበር። ወቅቱ ሰብል የሚደርስበት ነው። የደረሰውን አጨዱት፤ ያልደረሰውን ለፈረስ አበሉት፤ ከብቱን ነዱት፤ ቤቱን አቃጠሉት። ዐፄ ዮሐንስ ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው የሞቱ ታላቅ ንጉሥ ናቸው፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። ሆኖም ጎጃም ላይ የሆነው ሆኗል፤ በጎጃም ሕዝብ ዘንድም አልተረሳም።

ከሠራዊቱ የተረፈውን ከብት ደግሞ በሽታ መጣበት። ይህ በሽታ በእኛ አገር ደስታ ይባላል። ስሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚነገረው ብዙ ነው፤ በሽታው ግን ደስታ የሚያመጣ አልነበረም። ከሕንድ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደገባ ይታወቃል። ከብቱ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። በሽታውን ከዚህ በፊት የማያውቅ መንጋ ውስጥ ሲገባ ከአሥሩ ዘጠኙን ይጨርሳል። ከብቱ በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል አልነበረውም፤ ክትባትም ያኔ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ክፉ ቀን የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት ረሃብ ሁልጊዜ ከዝናብ እጥረት ብቻ አይመጣም። በክፉ ቀን መሬቱ ነበረ፣ ዘር ያለውም ሰው ነበር፤ በሬ ግን አልነበረም። ገበሬው በዶማ ቆፈረ፤ በዶማ የሚቆፈረው ግን በበሬ ከሚታረሰው ጋር አይተካከልም። ለመቀናጆ እንኳ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት አልተገኘም። ድርቅ፣ አንበጣና ተባይም ተጨመሩበት። ሰው ዘሩን በላ፤ ዘሩን የበላ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘራል? ንጉሡ በገዛ ቀረጣቸው የሰበሰቡት ነፍጥ በዚህ ጊዜ ለአንድ ጥማድ በሬ የማይሆን ነበር። ደስታ በሽታ በክትባት ዘመቻ ከኢትዮጵያ ከጠፋ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም እንዲጠፋ የተደረገ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ከብት አስከትቡ ስንላችሁ ሰልቸት የሚላችሁ አባላት ካላችሁ የክፉ ቀኑን ነገር ከሽማግሌ ጠይቁ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ጎጃም ቀስ በቀስ አገገመ፤ ንግዱ ግን ወደ ቀድሞው መንገድ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ፣ ሐረርም በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች ወዲህ፣ የደቡቡ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነበር። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ለሸዋ እየገበሩ የሂርማታን ገበያ አደሩ። ከፋም በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በዐፄ ምኒልክ የጦር አለቃ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ተያዘ። በኋላ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ፈጽሞ አለቀለት። የባሶ ገበያ የአካባቢው ገበሬ የሚገበያይበት ገበያ ሆኖ ቀረ፤ የወርቅና የዝሆን ጥርስ ነጋዴው ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት ገዥዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከእምባቦ አሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ በነፍጥ የተፋለሙት ሁለት ንጉሦች አሁን ነፍጣቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። ስለዚህ ቀን ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ከዐድዋ በኋላ ከጣሊያን የተማረከው ጠመንጃ በየአገሩ ተሰራጨ። በንጉሡ ወጣትነት አንድ በአንድ ይለቀም የነበረው ነፍጥ በእርጅናቸው ዘመን በየገበሬው ትከሻ ላይ ታየ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ውስጥ ሳሉ ዐረፉ። ዐፄ ምኒልክ ከእሳቸው ቀጥሎ ለጎጃም ንጉሥ አልሾሙም፤ አገሩን ከፋፈሉት። ከልጆቻቸው ራስ በዛብህ ድርሻ ሲሰጣቸው በእኛ በኩል ያለው የዳሞቱ ወገን ለራስ መንገሻ አቲከም ሆነ። ቡሬም ከዚያ ወዲህ ከደብረ ማርቆስ ተለይታ ለጥቂት ዓመታት በሌላ ጌታ ሥር ኖረች።

በኋላ ጎጃምን የገዙት ሌላው ልጃቸው ራስ ኃይሉ ናቸው። ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎብኝተዋል። በ1924 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን እስኪያጡ ድረስም ከአባታቸው በተለየ ሁኔታ ከነፍጥ ይልቅ በንግድ፣ በቀረጥና በገንዘብ ማከማቸት ስማቸው ይነሣል። የግብራቸው ክብደት በገበሬው ዘንድ ያስከተለው ምሬት ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ አልገባበትም።